«አይቼዋለሁ!»

ከተማችን ወረታ እንደ ዘንድሮ አንባቢ በዝቶላት አያውቅም። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ2017 ዓ.ም. በኢቢሲ ተከታታይ ድራማ ሆኖ ከመጣ ወዲህ፣ ማኪያቶ ይዞ የተቀመጠ ሁሉ ሐዲስ ዓለማየሁን ጨርሷል። «አንብበኸዋል?» ስትለው «በደንብ!» ይላል። ጠበቅ ስታደርገው «ማለቴ፣ አይቼዋለሁ፤ ያው ነው።»

አንድ የሰፈሬ ጎረምሳ መጽሐፉን አራት ወር አቆይቶ መለሰልኝ። በዕልባትነት የሰካኋት የባሕር ዳር ትኬት ካለችበት ንቅንቅ አላለችም። «ግሩም ነው ጋሼ» አለኝ። በዛብህ የስለት ልጅ መሆኑ ምን እንዳመጣበት ብጠይቀው «እሱ ላይ መብራት ሄዶብኝ ነበር» አለ። እኛ ሞኞቹ በ1958 የታተመውን በኩራዝ አነበብነው!

እንዲህ ያለ ጥበብ በመጽሐፍ ብቻ ለምን ይቀራል? ወደ ሩዛችን ይግባ እንጂ። እስከ ጉልበት ጭቃ ገብቶ፣ ወገብ አጉብጦ ማረም ምን የሚሉት ጣጣ ነው? የፎገራ ገበሬ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ማሳውን ይየው። «አረምክ ወይ?» ሲሉት «አይቼዋለሁ!» ርብና ጉማራ ሞልተው ከመጡም ጣቢያ መቀየር ነው። የወረታው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም ምርጥ ዘር ማውጣቱን ትቶ ምርጥ ምስል ያውጣ። መፈተጊያ ቤት ወረፋ መጠበቅ ቀረ፤ ባለማሽኑ ቪዲዮውን ይልካል። ላሚቱ የሩዝ ገለባውን በስልክ ታያለች፤ እሷም በተራዋ ወተቷን ታሳያለች፣ አትታለብም። ልጅ ሲዳር ድንኳኑ ውስጥ ትልቅ ስክሪን ይሰቀላል። ጤፍና ሩዝ የተቀላቀለበት እንጀራ ክፍል አንድ፣ ዶሮ ወጡ ክፍል ሁለት። እድምተኛው እጁን ታጥቦ ያያል፤ እጁን ታጥቦ ይነሣል። «ጠገብን፣ ተባረኩ!» ጨው አንሶ እንደሁ የሚያውቅ የለም። ሙሽራዋ ልትገባ ስትል «ይቀጥላል» የሚል ጽሑፍ ይመጣና፣ ሙሽራው ሳምንት ይጠብቃል።

የቤት ኪራይም ቢሆን ብሩን ለአከራዩ ማሳየት ይበቃል።

ድራማውን መንቀፌ አይደለም፤ ሰዎቹ ለፍተዋል፤ እኔም አይቻለሁ። ግን ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ቃል በቃል ሲተርከው የሰማ ሰው እንኳ «ሰምቼዋለሁ» ብሎ ያቆም ነበር። ያላነበባችሁትን አንብበናል አትበሉ! ውሸት ነው፤ አስጠልቶኛል።

ጎረምሳው ትናንት ሌላ መጽሐፍ ሊዋስ መጣ። «ኦሮማይ»ን አወጣሁለት። ሽፋኑን አገላብጦ አየና፣

«ይሄኛው መቼ ነው የሚጀምረው፣ ጋሼ?»