ጆሮ ዳባ ልበስ፦ ከሐዋሳ ፒያሳ የተገኘ ጥናት

አበው «ጆሮ ዳባ ልበስ» ሲሉ ሄድፎንን አስቀድመው ማየታቸው እንደሆነ የዚህ ጥናት አቅራቢ አይጠራጠርም። ልዩነቱ፣ ዳባ ቻርጅ አይደረግም፤ የአንድ ወር የቤት ኪራይም አያስከፍልም። ጥናቱ የውጭውን ድምፅ አጥፍቶ ሙዚቃውን ብቻ ያስቀራል የሚባለውን ሄድፎን፣ ሐዋሳ ፒያሳ ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ሰርቪስ ቤት ይመረምራል። የናሙናው ብዛት አንድ ሲሆን እሱም እኔ ነኝ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሄድፎኑ ላይ ያለች ደቃቃ ማይክ የውጭውን ድምፅ ትሰማለች። መሣሪያው የዚያኑ ሞገድ ግልባጭ ሠርቶ ይለቅበታል፤ አንዱ ሽቅብ ሲል ሌላው ቁልቁል ይላልና ሁለቱ ተጣፍተው ያልቃሉ። ጀርመናዊው ፓውል ሉዌግ ለዚህ ሐሳብ በ1936 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ፓተንት አግኝቶበታል። ስሙ ከሁሉ የገነነው ግን የኤም.አይ.ቲ. ፕሮፌሰሩ አማር ቦዝ ነው። በ1978 ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ ሲበር የአውሮፕላኑ ጉምታ ሙዚቃውን ቢያበላሽበት፣ እዚያው ወንበሩ ላይ ሒሳቡን ጀመረ። በ1989 ለፓይለቶች የሚሆነውን ለገበያ አወጣ። አባቱ የሕንድ ሰው ነበሩ። ባጃጅም የሕንድ ነው። ተመራማሪው ከዚህ በላይ አስተያየት አይሰጥም።

የፒያሳ ድምፆች በሁለት ይከፈላሉ፤ የሚሞቱና የማይሞቱ።

የሚሞቱት ወፍራምና ወጥ የሆኑት ናቸው፦ ፍሪጅ፣ ቬንትሌተር፣ ቆሞ ተሳፋሪ የሚጠብቅ ባጃጅ። ከሁሉም በላይ ጄነሬተር። መብራት ጠፍቶ የሱቆቹ ጄነሬተሮች ሲነሡ ሄድፎኑ ወደ ትውልድ ቀየው፣ ወደ አውሮፕላኑ የተመለሰ ይመስለዋል፤ አንድ በአንድ ይለቅማቸዋል።

የማይሞቱት ቀጫጭኖቹና ድንገተኞቹ ናቸው። የባጃጅ ሞተር ይሞታል፣ ጥሩምባው ይቀራል። ይባስ ብሎ ድሮ ከጄነሬተሩ ጋር ተለውሶ ያልፍ የነበረው «ቆራሌ!» አሁን ገለባው ተነፍቶለት፣ ስቱዲዮ እንደተቀረጸ ጥርት ብሎ ይገባል። ሐምሌ 19 እና ታኅሣሥ 19፣ የገብርኤል ዕለት፣ ጥናቱ ዕረፍት ነው። (ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ የሚጠብቀው አባ ኮዳ ከመንቁሩ መንቋቋት በቀር ይህ ነው የሚባል ድምፅ የለውም። በከተማው ሄድፎን የማያስፈልገው ጎረቤት እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ ግን ፒያሳ አይከራይም።)

ከማይሞቱት ውስጥ አንዱ ሰፊ ምርመራ ይሻል፦ የቡና ጥሪ።

የቡና ጥሪ ማንም ከመጥራቱ በፊት ይጀምራል። የጎረቤቴ የእትዬ ሙቀጫና ዘነዘና ድምፅ በአየር ብቻ አይጓዝም፤ በሲሚንቶው ወለል፣ በአልጋው እግር፣ በአከርካሪ በኩል አድርጎ ጆሮን ከኋላ ይገባበታል። ሄድፎኑ በር በሩን ሲጠብቅ ሌባው በጓሮ ገባ ማለት ነው። ሙላቱ አስታጥቄን ሳዳምጥ፣ ጂም ጃርሙሽ በ2005 እ.ኤ.አ. ፊልሙ ለዓለም ያሰማለት «የከርሞ ሰው» ላይ ድሮ ያልነበረ ከበሮ አገኘሁ። ሄድፎኑ የተደበቀ መሣሪያ አወጣልኝ ብዬ ለጓደኞቼ ሳምንት ሙሉ አወራሁ። ከበሮው አንድ ቀን መሐል ላይ ቆሞ «ዘነዘናውን ማን ወሰደው?» አለ።

ቀጥሎ የጭስ ጥሪ ይመጣል። የሚቆላው የሲዳማ ቡና ነው (ክለቡን ማለቴ አይደለም)፤ ሽታን የሚገለብጥ ማይክ ደግሞ አልተሠራም። ሦስተኛው የልጅ ጥሪ ነው። ልጁ በሩን አያንኳኳም፣ ይገባል፤ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። «ጋሼ፣ ቡና ደርሷል ብላለች» እያለ እንደሆነ ሳልሰማም ዐውቃለሁ። እጄን አንሥቼ «መጣሁ» እላለሁ። ራሴን ስለማልሰማው ግን ድምፄ ከልክ በላይ ይወጣል፤ ልጁም «ጋሼ ጮኸብኝ» ብሎ ያመለክታል።

አራተኛው የከፋው ነው። አቦል ተቀድቶ ሳልመጣ የቀረሁ ቀን እትዬ ራሳቸው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የሕመምተኛ ጥየቃ ፊት ይዘው በሬ ላይ ይቆማሉ።

«አሞሃል እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ፣ እትዬ። ሙዚቃ እየሰማሁ ነው።»

«ብቻህን?»

ይህን ጥያቄ የሚመልስ ክፍል በመሣሪያው መመሪያ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። አንድ ክፍል፣ አንድ ሰው፣ በሩ ዝግ፣ ለሌላ የማይሰማ ሙዚቃ። ከእሳቸው በር ሆኖ ሲታይ ጠበል የሚያስኬድ ምልክት ነው። በቴፕ ዘመን እኮ ግቢው ሁሉ በአንድ ካሴት ይኖር ነበር፤ እኛ ቤት ሲገለበጥ ጎረቤት ልብስ የምታሰጣው ሴትዮ ትሰማ ነበር።

ሌላም ሁለት ምድብ ነበረኝ፤ የአከራይ ኮቴና የቧንቧ ውኃ መምጣት የሚሉ። ባለፈው ቅዳሜ ግን መብራት ጠፍቶ፣ የማዶው ጄነሬተር እያጓራ፣ ሄድፎኑን አንገቴ ላይ እንዳጠለቅሁ ለአቦል ተቀመጥሁ። እትዬ «እስቲ ይህን ነገር» ብለው ተቀብለው ጆሯቸው ላይ ደፉት። ፊታቸው በራ።

«መብራት መጣ!»

አወለቁት። ጄነሬተሩ እንዳለ ነው።

«ወይ! ሄደ።»

መልሰው አጠለቁት፤ መጣ። ከዚያ ልጁ ተቀበለ፣ ከልጁ እህቱ፣ ከእህቱ አከራያችን። በረካ እስኪቀዳ ድረስ እኛ ግቢ መብራት አሥራ አንድ ጊዜ መጣ፤ አሥራ አንድ ጊዜ ሄደ።