ዝናብ በስንት ይካፈላል?

ካምፓላ ውስጥ ለገሀር አለ። ከካባላጋላ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ተነስቶ የሙየንጋን ዳገት የወጣ ሰው አንድ ግቢ ውስጥ፣ ከማንጎ ዛፍ ሥር ያገኘዋል። ከጉልበት ትንሽ ከፍ ይላል። ባለቤቱ ጋሼ ናቸው። ስማቸውን እንዳልጠራ አስምለውኛል፤ «ሽማግሌው ለየላቸው እንዳልባል» ነው ምክንያታቸው። ጓሯቸውን ያየ ሁሉ ይህንኑ ካለ ቆይቷል፤ እኔ ግን መሐላዬን አከብራለሁ።

ጋሼ የሥራ ዘመናቸውን ጀርመን ነው የጨረሱት። ጡረታ የወጣ ሰው መኪናና ፍሪጅ በኮንቴይነር ሲያስጭን እሳቸው ያስጫኑት ባቡር ነበር፤ ኤል ጂ ቢ የሚባለውን፣ በፈረንጆቹ 1968 ኑረምበርግ ላይ የተጀመረውን፣ ደጅ ውሎ ደጅ ያድራል ተብሎ ለጓሮ የሚሸጠውን። የሀዲዱ ስፋት 45 ሚሊ ሜትር ነው። ባቡሩ ከእውነተኛው 22.5 ጊዜ ስላነሰ፣ ይህን በ22.5 ሲያባዙት አንድ ሜትር ከጥቂት ይመጣል። ጋሼን ያሳበደቻቸው ይህች ማባዛት ናት። የድሮው የጅቡቲ ባቡር ሀዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር፤ ከሞምባሳ የተነሳው የዩጋንዳ ባቡርም እንዲሁ። በእውነተኛው ዓለም ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም። በጋሼ ጓሮ ግን ከሙዝ ተክሉ ጀርባ በየቀኑ ይገናኛሉ።

ዩጋንዳዊ እንግዳ ከመጣ ጋሼ ሻይ ሳይቀዳ የሚናገሩት ነገር አለ፤ አዲስ አበባ ባቡር የገባላት በፈረንጆቹ 1917 ነው፣ ካምፓላ ግን እስከ 1931 ጠብቃለች። እንግዳው በትሕትና ራሱን ይነቀንቃል፤ ምን ያድርግ። እኔ ደግሞ አንድ ቀን «አዲሱን የጅቡቲ ባቡርስ ለምን አይጨምሩበትም?» ብላቸው፣ «እሱ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ 64 ሚሊ ሜትር ሀዲድ ልትገዛልኝ ነው?» ብለው በሒሳብ ዘጉኝ።

ችግሩ ዝናቡ ነው። ጋሼ ሁሉን ነገር በ22.5 አካፍለው አሳንሰዋል፤ ጣቢያውን፣ ፉርጎውን፣ ትኬት ቆራጩን፣ ጥግ ላይ የቆመችውን ቆሎ ሻጭ ሳይቀር። የካምፓላን ሰማይ ማን ያካፍልላቸው? አራት ሚሊ ሜትር የሆነች ጠብታ ለትንሹ ለገሀር ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ናት፤ ከሰማይ ብርቱካን ይዘንብበታል ማለት ነው። የአዲስ አበባ ክረምት አንዴ መጥቶ፣ አልቅሶ፣ ወጥቶለት ይሄዳል። እዚህ ከመጋቢት እስከ ግንቦት አንድ ዙር፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ሌላ ዙር አለ፤ በመሃሉም «አልረሳኋችሁም» ለማለት ያህል ይጥላል። ባባራ ቁጥር ደግሞ የምድር ወገብ ፀሐይ ትወጣለች። ፕላስቲክ የሚጎዳው ከውሃው ይልቅ በእሷ ነው፤ መጀመሪያ ቀለሙ ይነጣል፣ ቀጥሎ ይደርቃል፣ በመጨረሻ የነኩት ቦታ ላይ ቀጭ ይላል።

ለገሀርን ግን ጋሼ ከኮምፔርሳቶ ነው የሠሩት፤ ፋብሪካው የጀርመን መንደር ጣቢያ እንጂ ለገሀርን አይሸጥም። ኮምፔርሳቶ ደግሞ የምስጥ ድግስ ነው። ምስጡ የጣቢያውን ወለል በልቶ ይጠግባል፣ ከዝናብ በኋላ ክንፍ አውጥቶ ይበራል፣ ያን ጊዜ የግቢው ዘበኛ እየለቀመ ጠብሶ ይበላዋል። እዚህ አገር የተወደደ ምግብ ነው። በዚህ ሒሳብ ዘበኛው በተዘዋዋሪ ለገሀርን ሲበላ ከርሟል ማለት ነው፤ ጋሼ ይህን ሲሰሙ ደመወዝ ለመቀነስ ትንሽ አሰብ አድርገው ነበር።

ከሁሉም የከፋው አባ ኮዳ ነው። ካምፓላዎች ካሎሊ ይሉታል፤ የከተማውን ቆሻሻ እየለቀመ የሚኖር፣ ራሰ በራ፣ መንገድ ለማንም የማይለቅ ወፍ። ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል። በለገሀር እስኬል ይህ ከ33 ሜትር በላይ ነው፤ አሥር ፎቅ የሚያህል ወፍ። አንዱ መጥቶ ጣሪያው ላይ ሊያርፍ አሰበ። ጣሪያው በሐሳቡ አልተስማማም።

ስለዚህ ጥገና ገባን። ለእሑድ ምሳ የተጠራ ሰው ክትፎ ከመቅረቡ በፊት የጥርስ ብሩሽ እንደሚሰጠው አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ከፋብሪካው የተገዙት የፕላስቲክ ጣቢያዎች ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ይታጠባሉ፤ ውሃው ከሞቀ ግድግዳው ይጣመማል። የላላው መጋጠሚያ ሁሉ ተነቅሎ የድሮው ኮላ በምላጭ ይፋቃል፤ ኮላ በኮላ ላይ አይይዝም። ከውስጥ በኩል በየማዕዘኑ ማጠናከሪያ ቁራጭ ገብቶ በኢፖክሲ ይታሰራል። ሱፐር ግሉ መስኮት አጠገብ አይደርስም፤ ትነቱ መስታወቱን ሞራ ያለብሰዋል። የግድግዳው ውስጠኛ ገጽ ጥቁር ይቀባል፤ አለዚያ ማታ አምፖሉ ሲበራ የጣቢያው ሹም ቢሮ ፋኖስ ሆኖ ያድራል። በስተመጨረሻ ፀሐይ የሚከላከል የማያብረቀርቅ ቬርኒሽ ይደረብበታል።

ለለገሀር ጊዜያዊ ጣሪያ የሆነው ቆርቆሮ የተገኘው ከሶዳ ጣሳ ነው። ካትዌ ሰፈር ያለ አንድ ብረት ሠሪ ሁለት ጥርስ ያላቸው ዘንጎች አጋጥሞ በእጅ የምትዞር መሸንሸኛ ሠራላቸው፤ የተቆረጠው ጣሳ ባንድ በኩል ገብቶ በሌላው በኩል ሽንሽን ሆኖ ይወጣል። ቆርቆሮው 22.5 ጊዜ አንሷል፤ የእጅ ሥራ ሒሳቡ ግን በሙሉ እስኬል ነበር።

በዚህ መሃል የጋሼ ባለቤት፣ እትዬ፣ ቡና ይዘው ብቅ አሉ። «የኔ ኩሽና ጣሪያ ከፋሲካ ጀምሮ ያንጠባጥባል» አሉ፣ ማንንም ሳያዩ።

ጋሼ ከብሩሻቸው ቀና ሳይሉ፣ «ያ እስኬሉ ትልቅ ነው፤ አይመቸኝም» አሏቸው።

እኔና ጋሼ የተጣላነው በቀለሙ ነው። እሳቸው ጣቢያው ሁሉ ትናንት እንደተመረቀ እንዲያብረቀርቅ ይፈልጋሉ። እኔ ደግሞ ባቡር ጣቢያ ጥላሸት ከሌለው፣ ከአሸንዳው ሥር ዝገት ካልወረደበት፣ ባንክ ነው የሚመስለኝ። አስታራቂ የሆኑን ከጀርመን የመጡ የጋሼ የድሮ የሥራ ባልደረባ ናቸው። ሰውዬው ገና ያልታጠበውን ጣቢያ በመነጽራቸው አስጠግተው አዩት፤ የነጣውን ጡብ፣ አረንጓዴውን ሽበት፣ የቦካውን የበር ጠርዝ። «ይህን በምን ዱቄት ሠራኸው?» ብለው ጠየቁ። ለካ በአገራቸው ሰው አዲስ የሞዴል ቤት ገዝቶ፣ አሮጌ እንዲመስል ደግሞ የዝገትና የጥላሸት ዱቄት በሣጥን ይገዛል፤ የሚያስተምር መጽሐፍም አለው።

ጋሼ ብሩሹን አስቀመጡ። እንደ ነጋዴ ሲያስቡ ያን ቀን ነው ያየኋቸው። አሁን አዲስ ቤቶቻችሁን ወደ ካምፓላ ላኩ የሚል ደብዳቤ በጀርመንኛ እያረቀቁ ነው፤ አንድ የዝናብ ወቅት ግማሽ ዋጋ፣ ሁለቱም ወቅት ሙሉ ዋጋ። ምስጥ ለሚፈልግ ልዩ ስምምነት ይደረጋል፤ የአባ ኮዳ ኩስ ለብቻው ይታሰባል።