የማይሰበሰበው ቦርድ ይመስገን

የአባዶ ኮንዶሚኒየም ሰው ገና ሳይነጋ ታክሲ ፍለጋ ሲሰለፍ ያየ፣ መንግሥት ሠራተኛውን ምን ያህል እንደሚሳሳለት ይገባዋል። ፀሐይ እንዳይነካው በጨለማ ወጥቶ በጨለማ ይገባል። ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የምትሰፋዋ ልጅማ ከእኩለ ቀን ፀሐይም ድናለች።

ደመወዟን በተመለከተ ሐሳብ አይግባት። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ደንግጎላታል። ዓመታት አለፉ፤ ለልጅቷ የሚከፈላት ግን ዛሬም አሠሪዋ ያለው ነው። እንዲህ ያለ ቁጥብ ቦርድ አይቼ አላውቅም፤ አበል አልበላ፣ መኪና አልጠየቀ፣ ለስብሰባ ብሎ ቢሾፍቱ አልወረደ። ለምንስ ይቸኩላል? በ2019 እ.ኤ.አ. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች ሐዋሳ ፓርክ የአንድ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን ጽፈው፣ ካነጻጸሯቸው ልብስ አምራች አገሮች ሁሉ የመጨረሻው ነው አሉ። ሌላ አገር ያፍርበት ነበር፤ እኛ ለባለሀብቱ እንደ ቡና አስቀመስነው። ከደመወዝ የተቆረጠ ብር መቼም አይጠፋም፣ ከአንዱ ኪስ ወጥቶ ሌላው ኪስ ይገባል፤ ይህንን ነው «ምቹ የኢንቨስትመንት አየር» የሚሉት።

ያልተመቸው ሠራተኛ አድማ ይምታ! ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ፈቅዶለታል። ብቻ ሐኪም አይሁን፣ መብራት ኃይል አይሥራ፣ ቴሌም አየር መንገድም አይቀጠር። መምህር ወይም የቢሮ ሠራተኛ ሆኖ መንግሥት የቀጠረው ከሆነ ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከነጭራሹ አያውቀውም። ከዚህ የተረፈው ድምፅ ሰጥቶ፣ አስቀድሞ አሳውቆ፣ ሽምግልናውን ጨርሶ፣ ጉልበት ከተረፈው ያድማል።

ሐኪሞቹ ይህ ጥበብ አልገባቸውም። በግንቦት 2017 «ደመወዛችን አያኖረንም» ብለው ሥራ አቆሙ፤ ብዙዎቹ ታሰሩ። ጥያቄያቸው በከፊል ተመለሰ ማለት ነው፤ እስር ቤት የቤት ኪራይ የለም።

ሚያዝያ 23 የሠራተኛ ቀን ነው፣ ሥራ ዝግ ነው። በ2015 የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽኑ ኢሠማኮ በዚህ ቀን ሰልፍ ልውጣ ቢል ተከለከለ። በዓሉ የሠራተኛው ነው፣ አደባባዩ ግን የእሱ ነው ያለው ማን ነው?

መንግሥት ለሠራተኛው ያለው ደግነት የቆየ ነው። በየካቲት 1966 የሠራተኛው ማኅበር አገሩን በአድማ ለአራት ቀን ቀጥ ሲያደርግ ንጉሡ ደነገጡ። ደርግ ግን ብልህ ነበር። በ1968 ያንኑ ማኅበር በአዋጅ አፈረሰ፤ ኋላ የደርግ ፓርቲ ጋዜጣ «ሠርቶ አደር» ተባለ። ሠራተኛው ስሙ በጋዜጣ ራስ ላይ በትልቁ ተጽፎለት የማኅበር መሪ ምን ያደርግለታል?

ወደ ዛሬ ስንመለስ ደግሞ የግብር እፎይታ አለ። ከ2008ቱ አዋጅ እስከ 2017 ድረስ በወር ከ600 ብር በላይ ያገኘ ሁሉ ግብር የሚገባው ባለጸጋ ነበር። ዛሬ ጣሪያው 2,000 ብር ደርሷል። እንግዲህ አባዶ ስቱዲዮ የተከራየ ሰው ይህችን ከግብር ነፃ የሆነች 2,000 ብር ይዞ አከራይቱ ዘንድ ይሂድ። እሷም ቆጥራ «ይኼ የመብራቱ ነው አይደል? ኪራዩንስ መቼ ነው የምታመጣው?» ትበለው፤ በሕግ ያገኘውን ነፃነት ግን ማንም አይነጥቀውም።