ሁሉም ፒን አረንጓዴ ነው

ሥራ የምሸሽበት ዘዴ አለኝ፤ ለሥራው የሚሆን መሣሪያ እሠራለሁ። እያመለጥኩ መሆኔን ማንም አያውቅብኝም። ሌሊት ኮድ ስጽፍ አድሬ፣ ጠዋት ዲላ ካፌ ቁጭ ብዬ ስለ “ፕሮጀክቴ” ሳወራ የሚያየኝ ሁሉ ታታሪ ይለኛል።

ይርጋጨፌ ያለው አጎቴ የጠየቀኝ ቀላል ነገር ነበር። የታጠበ ቡናውን አልጋ ላይ ያሰጣል፣ ማታ ይሸፍነዋል፤ ከሽፋኑ ሥር እርጥበት ሲበዛ የሚጮህ ነገር ፈለገ። አንድ ኢኤስፒ32 ቦርድ፣ አንድ ዲኤችቲ22 ሴንሰርና አንድ ቡዘር ይበቃዋል። ሴንሰሩ የትኛው ፒን ላይ ይሰካ? ለዚህ ዳታሺቱን ማንበብ ነበረብኝ። እኔ ግን በብራውዘር የሚሠራ የፒን ማዋቀሪያ ኤዲተር ጀመርኩ።

ኤዲተሬ ያምራል፤ እኔ ካላሞገስኩት ማን ያሞግሰዋል? ፒኑን በማውስ ጎትተህ ታስቀምጣለህ፣ ኮዱን ራሱ ይጽፍልሃል። እንደ ኩብኤምኤክስ ያሉት አንጋፋ መሣሪያዎች አንድ ፒን ላይ ሁለት ሥራ ሲጫን ይቆጣሉ። እኔም ማስጠንቀቂያ ነበረኝ፤ ቀዩ ገጹን ሲያበላሽብኝ አወጣሁት። እናም ሁሉም ፒን አረንጓዴ ሆነ፦ ማስገቢያ ብቻ የሆነው 34 ያለ ሃፍረት ማስወጫ ይሆናል፤ የፍላሽ ሜሞሪው መስመር የሆኑት ከ6 እስከ 11 ያሉትም እንግዳ ይቀበላሉ።

ሴንሰሩን 12 ላይ ሰካሁት፤ በሥዕሉ ላይ ሽቦው ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ ብቻ። ጠረጴዛዬ ላይ ሠራ። ሴንሰሩን ሁልጊዜ የምሰካው ቦርዱ ከተነሳ በኋላ መሆኑን ልብ አላልኩም። አጎቴ ዘንድ መብራት ሄዶ ሲመጣ ቦርዱ አልነሳ አለ። መብራቱን አማሁ፣ አዳፕተሩን አማሁ። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ኢኤስፒ32 ሲነሳ 12 ላይ ቮልቴጅ ካገኘ ለፍላሽ ሜሞሪው በ3.3 ቮልት ፈንታ 1.8 ይሰጠዋል፤ የኔው ቦርድ ሜሞሪ ደግሞ በ1.8 አይሠራም። የዲኤችቲ22 መስመር በሬዚስተር ወደ ላይ ተስቦ የሚኖር ነው። ዳታሺቱ ላይ ሁሉም ተጽፏል።

“አንተ ልጅ፣” አለኝ አጎቴ፣ “እኔ እንሰቱንም ቡናውንም የጥላውን ዛፍም ስተክል የቱ የት እንደሚሆን አይቼ ነው።” ይኸው አተካከል ነው በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ያስገባው። የእኔ ኤዲተር እስካሁን የገባበት መዝገብ የለም።

ዘንድሮም ቡናውን የሚጠብቀው ራሱ አጎቴ ነው፤ ማታ ማታ እጁን ከሽፋኑ ሥር ሰዶ ይዳስሳል። እኔ 12ን ቀይ አድርጌዋለሁ። ቀዩ ግን ከገጹ ቀለም ጋር አልሄድ ስላለኝ ሮዝ እየሞከርኩ ነው።