ልጅነትሽን ወደ ሥነ ጥበብ ለመለወጥ የሚረዱ ቀላል ምክሮች

እኅቴ፣ ሥራ ሲቀልልሽ በቀለብ ደረሰኝ ጀርባ ሥዕል እንደምትሞነጫጭሪ ሰማሁ። በርቺ። አርቲስት መሆን የሚያስፈራ ነገር አይደለም። ያሳደገሽን ነገር ሁሉ መለስ ብለሽ ታዪዋለሽ፣ ትጫወቺበታለሽ፣ አለቀ። አርአያም ቢሆን ሩቅ አትፈልጊ፤ እዚሁ ኩዌት ያደገችውን አርቲስት ሞኒራ አል ቃዲሪን ተከተይ። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፍልሻለሁ። የመኖሪያ ፈቃድሽ፣ ኢቃማሽ፣ የሚቃጠለውም በዚያው ነው።)

አንደኛ፣ ወላጅ ምረጪ። ይህን ቀደም ብሎ ማድረግ ይመከራል። የሞኒራ እናት ሠዓሊና ደራሲ ሱራያ አል ባቅሳሚ ናት፤ አባቷ ዲፕሎማት ነበሩ። ሞኒራ በ1983 ሴኔጋል፣ ዳካር ተወለደች። አንቺም ከአገርሽ ውጭ መኖርሽ ጥሩ ጅምር ነው። እርሷ እዚያ የተገኘችው በአባቷ ሹመት ነው፤ አንቺ እዚህ የተገኘሽው በአንቀጽ 20፣ በቤት ሠራተኛ ቪዛ ነው። ሁለቱም ማኅተም አላቸው፤ አትጨነቂ።

ሁለተኛ፣ አያትሽን አስታውሺ። የሞኒራ አያት በዕንቁ ጠላቂዎች ጀልባ ላይ ዘፋኝ ነበሩ። ጠላቂው ትንፋሹን ውጦ ወደ ባሕሩ ወለል ይወርዳል፤ ዘፋኙ ከላይ ያበረታዋል፤ የጠላቂው ዕዳ ደግሞ ባለጀልባው ደብተር ላይ ከዓመት ዓመት ይሻገራል። ደስ የሚለው፣ ሰው በዕዳ ተይዞ ለአንድ ጌታ የሚሠራበት ያ ዘመን አልፏል። አሁን በኮንትራት ነው።

በ1930ዎቹ ጃፓኖች ዕንቁን እንደ ሰብል ማርባት ጀምረው ስለነበር የባሕረ ሰላጤው ገበያ ወደቀ። በ1938 ቡርጋን ላይ ነዳጅ ተገኘ፣ በ1946 ወደ ውጭ መሸጥ ጀመረ። ሞኒራ ዕንቁና ነዳጅ አንድ ዓይነት ማብረቅረቅ እንዳላቸው አስተዋለችና የነዳጅ መቆፈሪያ ጫፍን ቅርጽ በዚያ ቀለም ሠራችው። አንቺም እንዲሁ የአያትሽን ኑሮ ከአሁኑ ሥራሽ ጋር አዛምጂ። አያትሽ ጭሰኛ ከነበሩ ብዙ አትቸገሪም።

ሦስተኛ፣ ካርቱን ተመልከቺ። ሞኒራ በልጅነቷ የጃፓን ካርቱን ወደደች፤ 16 ዓመት ሲሆናት የመንግሥት ነጻ ትምህርት አግኝታ ጃፓን ገባች፤ በ2010 እዚያው ቶኪዮ ዶክትሬቷን ያዘች። የአያቷን ገበያ የዘጋው አገር ለልጅ ልጃቸው በሩን ከፈተላት። አንቺም በ16 ዓመትሽ መውጣት አላቃተሽም። መታወቂያሽ ላይ 23 ተጻፈ እንጂ ሌላው ተመሳሳይ ነው። የእኛም መንግሥት ቢሆን ትምህርት ይወዳል፦ በ2016 የወጣው አዋጅ ቁጥር 923 ውጭ አገር ለምትሠራ ሰው ስምንተኛ ክፍል መጨረስንና የሙያ ብቃት ማረጋገጫን ይጠይቅ ነበር። ካውያ መተኮስ ተፈትነሽ አልፈሻል። ይህን ዲግሪሽን አትናቂው።

አራተኛ፣ ጦርነት ካለሽ አትጣይው። ነሐሴ 1990 ኢራቅ ኩዌትን ስትወር ሞኒራ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። የኢራቅ ወታደሮች ሲወጡ ከ600 በላይ የነዳጅ ጉድጓዶች አቃጠሉ፤ ቀኑ ጨለመ፤ የመጨረሻው እሳት የጠፋው በኅዳር 1991 ነው። በ2013 ያን እሳት ሰዎች በቤት ካሜራ ከቀረጹት ምስል «ከፀሐይ ጀርባ» የተባለ ቪዲዮ ሠራችበት። ሙዚቀኛዋ እኅቷ ፋጢማ ደግሞ በዚያው ጦርነት ላይ ከተሠራ የቪዲዮ ጌም ተነሥታ በ2012 ሙዚቃ አወጣች። አየሽ፣ የሚባክን ነገር የለም። ያንቺ ጦርነት ኢንተርኔት ተዘግቶ ያለፈ ከሆነ ግን ምስል ስለማይገኝለት ለሚቀጥለው ጊዜ ቀደም ብለሽ ተዘጋጂ።

አምስተኛ፣ ጢም አድርጊ። ሞኒራ ትንሽ ሳለች ኃይል ያለው ወንዶች እጅ እንደሆነ ስላየች ወንድ መሆን ያምራት ነበር፤ አድጋም በ2008 ጢም አድርጋ የሐዘን ዘፈን ዘፋኝ ሆና የምትተውንበትን ቪዲዮ ሠራች። ኩል ካለሽ አንቺም ሞክሪው። በርሽን መቆለፍ እንዳትረሺ፤ በርሽ ቁልፍ ከሌለው ይቅርብሽ። ማዳም ካየችሽ «አበደች» ብላ ወደ ኤጀንሲው ቢሮ፣ ወደ መክተብ፣ ትመልስሻለች። የሥነ ጥበብ ሐያሲ ካየሽ ግን ሌላ ስም አለው።

ስድስተኛውን ምክር ረጋ ብለሽ አንብቢው፤ አንቺን የሚመለከት ነው። የባሕረ ሰላጤውን ተከታታይ ድራማ ታውቂዋለሽ። ረመዳን ሲገባ ድራማው ይበዛል፣ ሳህኑም ይበዛል። እመቤቲቱ እብነ በረድ በተነጠፈበት ሳሎን ታለቅሳለች፤ ኩሏ አይፈስም። መሐረቧን መሬት ትጥላለች፤ በሚቀጥለው ትዕይንት መሐረቡ የለም። ማን አነሣው? ጅን መሆን አለበት። ሻይ ይቀርባል፣ ፍራሽ ይነጠፋል፣ ልጅ ታጥቦ ይመጣል፤ ቤቱ ራሱን የሚያስተዳድር ይመስላል። ሞኒራ በ2014 «ሶፕ» በተባለው ቪዲዮዋ ከእነዚህ ድራማዎች ትዕይንት ወስዳ የጎደሉትን ሠራተኞች በኮምፒዩተር አስገባቻቸው። ባለቤቶቹ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ ሠራተኞቹ ሥራቸውን ይቀጥላሉ፤ ማንም ቀና ብሎ አያያቸውም። ለእኔ ከሥራዎቿ ሁሉ ይህ ይበልጣል። እንግዲህ ሥነ ጥበብ ውስጥ መግባት ይቻላል፦ ሌላ ሰው ቆርጦ ይለጥፍሻል። አንቺ ዝም ብለሽ መጥረግ ነው።

የቀረው ጊዜ ማግኘት ነው። ለዚህም ሕጉ አለልሽ። የ2015ቱ የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 በሳምንት አንድ ቀን እረፍት ይሰጥሻል። የሥራ ሰዓትሽንም በቀን ከ12 እንዳይበልጥ ይገድባል። ፓስፖርትሽንም ካልፈቀድሽ በቀር አሠሪሽ መያዝ አይችልም። ስትጠየቂ ፍቀጂ። ያልፈቀደች ሠራተኛ ክፉ ጠባይ አላት ይባላል፤ ጠባይ ደግሞ ለአርቲስት ዋና ነገር ነው።

በይ ጀምሪ። ደብተርና እርሳስ ከሠፈርሽ ሱቅ፣ ከባቃላው፣ ግዢ፤ ለመውጣት ማዳምን አስፈቅጂ። እምቢ ካለችሽ የሚቀጥለውን ዓርብ ጠይቂያት። ስልክሽን ስትመልስልሽ ደግሞ ሥዕሎችሽን ላኪልኝ፤ ለማየት ጓጉቻለሁ።