ባትሪው ዕቃ፣ ድሪሉ ምራቂ

ገመድ አልባ የሥራ መሣሪያ ሁለት ነገር ነው፦ የሚታይና የሚከፈልበት። የሚታየው ድሪሉ፣ ግራይንደሩ ወይም መጋዙ ሲሆን የሚከፈልበት ባትሪው ነው። ገዢ ሱቅ ሲገባ ድሪሉን ያነሳል፣ በእጁ ይመዝነዋል፣ ቃታውን ሳብ ለቀቅ እያደረገ ድምፁን ያዳምጣል፣ ከዚያም የገባው ሰው መስሎ ራሱን ይነቀንቃል። ባትሪውን ገልብጦ ጽሑፉን የሚያነብ ከስንት አንድ ነው። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ስለ ድሪሉ ያወራል። ነገሩ የሚገለጠው ቆይቶ ነው፤ ሁለት ጥሩ ባትሪ ለብቻ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ባዶውን ድሪል ከገዛበት በላይ ይከፍላል።

ብላክ ኤንድ ዴከር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1961 የመጀመሪያውን ገመድ አልባ ድሪል ሲያወጣ ባትሪው 4.8 ቮልት ነበር፤ የጃፓኑ ማኪታ በ1978 ያቀረበው 7.2 ቮልት ደረሰ። ሁለቱም የኒኬል ካድሚየም ባትሪዎች ናቸው። ጠባያቸው አስቸጋሪ ነበር፤ ሳያልቁ ደጋግመው ከሞሏቸው ያንኑ ጎዶሎ ልክ ይለምዱና ከዚያ ወዲያ አንሠራም ይላሉ። ሚልዋኪ በ2005 ባለ 28 ቮልት የሊቲየም አዮን መሣሪያዎችን ሲያወጣ ዘመኑ ተለወጠ። ሊቲየም ቀላል ነው፣ ጎዶሎ አይለምድም፣ መደርደሪያ ላይ ወራት ቢቀመጥም ብዙ አይጎድልም። የአዲስ አበባን የግንባታ ሠራተኛ ግን አንድ ነገር አሳጥቶታል። ድሮ መብራት ሲጠፋ መሣሪያ ይቀመጣል፣ ሻይ ይታዘዛል፣ ፎርማኑም ዝም ይላል። አሁን መብራት ቢጠፋም ድሪሉ ይሽከረከራል፤ ሻይ ያማረው ሰው «ባትሪ አለቀ» ማለትን መልመድ ነበረበት።

ባትሪን ከባትሪ ለማወዳደር ሁለት ቁጥር ማንበብ ይበቃል፤ ቮልትና አምፔር ሰዓት። አንድ የሊቲየም ሴል በአማካይ 3.6 ቮልት ይሰጣል፤ አምስቱ በተርታ ሲያያዙ 18 ቮልት ይሆናሉ። ሞልተው ገና ሥራ ሳይጀምሩ ደግሞ 20ን ያልፋሉ። ዲዎልት ይህን ከፍ ያለውን ቁጥር ስለወደደ አሜሪካ ውስጥ ባትሪውን «20 ቮልት ማክስ» ብሎ ይሸጣል፤ አውሮፓ ውስጥ ያንኑ ባትሪ 18 ይለዋል። ሁለቱ ቮልት አትላንቲክ ላይ ይቀራሉ። ቨርጂኒያ ያለ አናጢ ፍራንክፈርት ባለው የአክስቱ ልጅ ላይ «የኔ ሃያ ነው» ብሎ ቢኩራራ፣ ሁለቱም በተርታ የያዙት አምስት አምስት ሴል ነው። ባለ 12 ቮልት የሚባለውም ሲቆጠር ሦስት ሴል፣ በትክክል 10.8 ቮልት ነው።

ይህ ግን የጨዋ ማጋነን ነው። ስማቸው ካልታወቀ አምራቾች በሚመጡ ባትሪዎች ላይ 48፣ 88፣ አልፎም 128 ተጽፎ ይገኛል፤ ከቁጥሩ ቀጥሎ «ቪኤፍ» የሚሉ ፊደላት ይከተላሉ። «ቪ» ብቻዋን ብትሆን ውሸት ይሆን ነበር፤ «ኤፍ» ስትጨመር የሞዴል ስም ይሆናል። ቪቶቹን በካቻቪቴ ፈትቶ ክዳኑን ያነሳ ሰው የሚያገኘው እነዚያኑ የታወቁትን ሴሎች ነው፤ አንዳንዴም አምስት ሴልና ብዙ ባዶ ቦታ። እውነተኛ 128 ቮልት በተርታ የተያያዙ 36 ያህል ሴሎች ይፈልጋል፤ ከድሪል እጀታ ሥር ደግሞ ለነሱ የሚሆን ሥፍራ የለም።

አምፔር ሰዓት ባትሪው ምን ያህል እንደያዘ ይናገራል። ሁለቱ ቁጥሮች ሲባዙ ዋት ሰዓት ይወጣል፤ ሐቀኛው ማወዳደሪያ እሱ ነው። 18 ቮልት በ5 አምፔር ሰዓት 90 ዋት ሰዓት ይሆናል። ሲሰሙት ትልቅ ነው፤ 900 ዋት የሚበላ ግራይንደር ላይ ሲሰካ ግን ዕድሜው ስድስት ደቂቃ ነው። ያው ባትሪ ጂፕሰም ላይ ቪት ለሚያስር ድሪል ቢሰጥ ግማሽ ቀን ያስውላል፤ አንዱ ቪት ታስሮ ሌላው ከኪስ እስኪፈለግ ሞተሩ ሥራ ፈት ነውና። ስለዚህ «ይህ ባትሪ ስንት ሰዓት ይሠራል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የለም። ሻጩ ጋ ግን መልስ አይጠፋም።

አምፔር ሰዓት የሚጨምረው ሴሎች በጎን ሲደረቡ ነው። ባለ 2 አምፔር ሰዓቱ ብዙውን ጊዜ አንድ ረድፍ፣ አምስት ሴል ነው፤ ባለ 5ቱ ሁለት ረድፍ፣ አሥር ሴል። ይህ ቆይታውን ብቻ ሳይሆን ጉልበቱንም ይለውጠዋል። ግራይንደሩ ብረት ላይ ተጭኖ 40 አምፔር ሲጠይቅ አንዱ ረድፍ ብቻውን ይሸከማል፣ ይግላል፣ ቮልቱ ይወርዳል፣ የባትሪው መከላከያም ሥራውን መሀል ላይ ይቆርጠዋል። ሁለት ረድፍ ሲሆን ሃያ ሃያ ይካፈሉታል። ችግሩ ክብደቱ ነው፤ ባለ አሥር ሴሉ ለብቻው ከግማሽ ኪሎ ያልፋል። መሰላል ላይ ቆሞ እጁን ወደ ኮርኒስ የዘረጋ ኤሌክትሪሺያን ከረፋድ በኋላ ያቺን ግማሽ ኪሎ በትከሻው ይመሰክርላታል።

እንግዲህ ምርጫው በሙያ ይለያያል። ለኤሌክትሪክና ለቁም ሳጥን ገጣጣሚ 12 ቮልት ወይም ባለ 18 ከትንሹ ባትሪ ጋር ይበቃል። ክብ መጋዝ ለሚይዝ አናጢና ግራይንደር ለማይለየው ብረት ሠራተኛ ከ5 አምፔር ሰዓት በታች መግዛት ባትሪ ሲቀይሩ መዋል ነው። የጎማ ዳዶ የሚፈታ ሰው ደግሞ ሥራው በሰከንድ የሚያልቅ ስለሆነ የሚያስፈልገው ቆይታ ሳይሆን ጉልበት ነው። ቀኑን ሙሉ ኮንክሪት ለሚሰብር ግን ገመድ ገና አልተሻረም። ለሁሉም፣ ካርቦን የሌለው ሞተር ቢወደድም ይመረጣል፤ ከአንድ ባትሪ የበለጠ ሥራ ያወጣል፣ «ካርቦን ጨርሷል» የሚባል ምርመራም የለበትም።

ከሁሉ የሚከብደው ቀለም መምረጥ ነው። ዲዎልት ቢጫ፣ ሚልዋኪ ቀይ፣ ሪዮቢ አረንጓዴ፣ የቦሽ የባለሙያ መሣሪያ ሰማያዊ፣ ማኪታ በሰማያዊና በአረንጓዴ መካከል ነው፤ የአንዱ ባትሪ በሌላው አይገባም። የመጀመሪያው ግዢ ስለዚህ ጋብቻ ነው። ከድሪሉ ጋር መላው ዘመድ አዝማድ፣ መጋዝ፣ መብራትና ሬዲዮ ይከተላል፤ ፍቺ ሲመጣም ንብረት ይባክናል። በሁለተኛ ቀለም ላይ የሚደርብ ሰው ሁለት ቻርጀር ይሸከማል፣ ጣሪያ ላይ ሲወጣም ሁልጊዜ ይዞ የሚገኘው የሌላኛዋን ባትሪ ነው። ሽማግሌዎችም አልጠፉም፤ ሜታቦ በ2018 ያስጀመረው ካስ የተባለ ኅብረት የብዙ አምራቾችን መሣሪያ በአንድ ባትሪ ያሠራል። ገበያ ላይ የሚገኘው ርካሽ ማገናኛ ግን ሽማግሌ አይደለም፤ አንዳንዱ መከላከያውን ስለሚያልፈው ባትሪውን እስከ ሞት ያስመጥጠዋል። በቀይና በአረንጓዴ ምክንያት የሚጣሉ ባለሙያዎችም ቢያውቁት፣ የሁለቱም ገንዘብ የሚገናኘው ሚልዋኪን በያዘውና የሪዮቢን መሣሪያ በሚያመርተው በሆንግ ኮንጉ ቴክትሮኒክ ኢንዱስትሪስ ካዝና ነው። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው፤ ብልህ ገዢ ትርፍ ባትሪው በሚኖርበት ከተማ ተነጥሎ የሚሸጥለትን ቀለም ይመርጣል።

ከአሜሪካ የሚመጣ መሣሪያ ለብቻው ምክር ይገባዋል። ባትሪው የትም አገር ያው ነው፤ ቻርጀሩ ግን ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። የኢትዮጵያ ሶኬት 220 ሲሰጠው ለመጀመሪያም ለመጨረሻም ጊዜ ብልጭ ይላል፤ ስጦታው የደረሰው አጎትም የተላከለትን ድሪል ለእንግዳ ከማሳየት በቀር ጥቅም አያገኝበትም። መፍትሔው የ220 ቮልት ቻርጀር ወይም ትራንስፎርመር ነው። በአየር ጉዞ ደንብ ደግሞ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ ብቻ ይሄዳል፤ እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለ ፈቃድ ያልፋል፣ እስከ 160 የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፣ ከዚያ በላይ ያለው ይቀራል። ባለ 5 አምፔር ሰዓቱ በ90 ያልፋል፣ ባለ 6ቱ በ108 ይጠየቃል፣ ባለ 9ኙ በ162 ይመለሳል። ድሪሉ ከጭነት ጋር ታች ሲወረወር ባትሪው ከመንገደኛው ጋር ላይ ይቀመጣል፤ የማን ማዕረግ እንደሚበልጥ አየር መንገዶችም ለይተውታል።

ለሊቲየም ብርድም ሙቀትም አይስማማውም። ከዜሮ በታች የቀዘቀዘን ባትሪ መሙላት ሴሉን ከውስጥ ስለሚጎዳው፣ በሚኒያፖሊስ ክረምት መኪና ውስጥ ያደረ ባትሪ ቤት ገብቶ ካልሞቀ ቻርጀር አይነካም። በኤምሬትስ በበጋው ወራት ሠራተኛ ከቀኑ 6:30 እስከ 9:00 ፀሐይ ላይ እንዳይሠራ ሕግ ይከለክላል፤ መኪና ዳሽቦርድ ላይ የተረሳን ባትሪ ግን የሚከራከርለት ሕግ ስለሌለ በየቀኑ ከዕድሜው ይቀነሳል። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ባትሪ ግማሽ ያህል ተሞልቶ ቀዝቀዝ ያለ ጥላ ቦታ ቢውል ይመረጣል።

ይህ ሁሉ ተደርጎለትም ይሞታል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሞቱት ሴሎቹ በሙሉ አይደሉም፤ አንዱ ይደክምና ቻርጀሩ በቀይ መብራት ሌሎቹንም አብሮ ይፈርድባቸዋል። እምቢ ያለውን ባትሪ ከሌላ ባትሪ በሽቦ ማስነሳት የሚሞክሩ አሉ፤ አሠራሩ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ሴል መቀየርም ይቻላል፤ አዲሶቹ ከአንድ ዓይነት፣ ከአንድ አቅም፣ በሚያውቅ ሰው እጅ የተበየዱ ከሆኑ ብቻ። ያረጀው ባትሪ ከእሳትና ከቆሻሻ ገንዳ ርቆ፣ ጫፎቹ በፕላስተር ተሸፍነው ለሚረከብ ይሰጣል። ባዶ ሳጥኑንም ቢሆን የሚፈልግ አይጠፋም፤ 128 የሚል ወረቀት ሊለጥፍበት ያሰበ ሰው ጥሩ ዋጋ ይሰጥበታል።