ገበያው ቀዘቀዘ? ቀዝቃዛስ ጮቄ ነው!

«ብቸና ላይ የዘይት ሽያጭ ለምን ወረደ?» ይላል ኃላፊው ስብሰባ ላይ። «ገበያው ቀዝቅዞ» ይላል የሽያጭ ሠራተኛው። ወንድሜ፣ ቀዝቃዛስ የጮቄ ተራራ ነው! እሱም ቢሆን ከ4,000 ሜትር በላይ ስለወጣ ነው። ያንተ ገበያ በምን ቀዘቀዘ?

ኃላፊው ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ተቀምጦ የሚያየው ቁጥር ነው፤ ባለሱቁን ፊት ለፊት ያየኸው አንተ ነህ። ብቸና ያለችበት እነማይ የጤፍ አገር ነው። ገበሬው እህሉን አጭዶ ወቅቶ ጥር ላይ ጤፉን ሲሸጥ እጁ ብር ይገባል፤ ሠርግ ይደግሳል፣ ቆርቆሮ ይገዛል። ሰኔ ሲመጣ ያለችው ብር ለዩሪያ ትሄዳለች። ታዲያ ለሐምሌ የጥርን ያህል ታርጌት ሲሰጥህ አንገትህን ደፍተህ ጽፈህ ወጥተህ፣ በወሩ መጨረሻ «ገበያው…» ብትል ማን ይስማህ? እዚያው በቦታው «የዛሬው የብቸና ጤፍ ዋጋ ይህ ነው፤ ገበሬው እጁ ላይ ብር የለም፤ አዲሱ እህል እስኪደርስ ጭነቱ ይቀነስልኝ» በል።

«ዝም አይነቅዝም» ትለኛለህ። ዝምታህ አይነቅዝ ይሆናል፤ መጋዘን የከረመው ዘይት ግን ቀኑ ያልፍበታል!

«ታዲያ ምን ልናገር?» ያየኸውን ነዋ! ሞጣ ላይ ባለሱቋ ባለ 5 ሊትሩን ጀሪካን ከፍታ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ እየቀዳች ስትሸጥ አላየህም? ደጇ የቆመችው ገዢ የጨበጠችው የዛሬውን ወጥ የምትሠራበትን ብር ብቻ ነው። ባለሱቋ ስትቀዳ ዘይት ይፈሳል፣ እጇ ይጨማለቃል፣ ልኩ ላይም ጭቅጭቅ ይነሳል። ይህን ሁሉ አይተህ ስብሰባ ላይ «ዘይት አልሄደም» ብቻ ትላለህ። ዘይቱማ ሄዷል፤ ያልሄደው ጀሪካኑ ነው! «ትንሹን ጠርሙስ ላኩልኝ» ብትል የአንድ ሰዓቱ ክርክር ባለቀ ነበር። ደግሞ በጊዜ ተናገር፤ ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ቅቤ የለም፣ ዘይት ይፈለጋል። ለፋሲካ ዋዜማ ብታነሳው ምን ይጠቅማል?

«ለመዘጋጀት ጊዜ የለኝም» የሚልም አለ። ከብቸና ሞጣ እስክትደርስ መኪና ውስጥ ምን ትሠራ ነበር? ተጠይቆ የታጣውን፣ ተገዝቶ የተመለሰውን፣ ዱቤ ይዞ የቆየውን ጻፍ። ሌላ ሪፖርት አያስፈልግህም።

«ዱቤው ደብተሬ ላይ አለ።» ደብተሩስ የት አለ? «ቤት።» እንግዲያው ደብተሩን ላከውና አንተ ቤት ቅር!

ከስብሰባው ወጥቶ ማኪያቶ ላይ «ከንቱ ስብሰባ ነበር» የሚለውን ደግሞ እናውቀዋለን። ማኪያቶው ታርጌት አይቀንስልህም፤ ኃላፊው ፊት ለምን አልተናገርክም? «ይቆጣል» ካልከኝ ለኃላፊውም መልስ አለኝ፦ ክፉ ወሬ ያመጣውን ሠራተኛ ከተቆጣህ፣ ከነገ ጀምሮ የሚነግሩህ ደስ የሚልህን ብቻ ነው፤ ደስ እያለህ ትከስራለህ!

«መንገድ ተዘጋ» ለሚል ሠራተኛ ግን ተረብ የለኝም። በእነዚህ የግጭት ዓመታት ጎጃም ውስጥ ዕቃ ይዞ የሚወጣ ሰው ነፍሱን ይዞ ነው የሚወጣው። እሱን ከታርጌት በፊት «ደህና ገባህ ወይ?» በሉት። ከዚያ መንገዱ ሲከፈት ቀድሞ ለማን ሱቅ እንደሚጫን እዚያው ወስኑ፤ ባዶ መደርደሪያ ይዞ የሰነበተው ባለሱቅ ማን እንደሆነ የሚያውቀው ያ ሠራተኛ ነውና ስሙት።

አንተም ለሚቀጥለው ስብሰባ የአንዲት ባለሱቅ ቃል ይዘህ ግባ፤ ሌላው «ገበያው ቀዝቅዞ» ሳይል ቀድመህ ተናገር። ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ እንደሚሠራ ሳይባልም ከወንበርህ አትነሳ።